«ፖዘቲቭ» ሲባል፦ የጽንስ ልየታ ከጎንደር የክትትል ክፍል ሲታይ

ጎንደር ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ማራኪም ትሂድ አዘዞ ጤና ጣቢያ፣ ክትትል በጀመረችበት ቀን አንዴ ደም ሰጥታ ብዙ ነገር ይታይላታል፤ የደም ዓይነት፣ የደም ማነስ፣ ቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስ፣ ኤችአይቪ። መልሳቸው አጭር ነው፦ አለ ወይም የለም። በተለይ የኤችአይቪው ምርመራ «ፖዘቲቭ» የሚለውን ቃል እስከ ገጠር ድረስ አስተምሯል። ያም ውጤት የሚነገረው በተደጋጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ ስለሆነ፣ ቃሉን ሰምቶ «ምናልባት» ብሎ የሚያስብ የለም።

ስለ ጽንሱ ክሮሞዞም የሚደረገው ልየታ በዚያው ጆሮ ከተሰማ ግን ቤት ያፈርሳል። እዚህ «ፖዘቲቭ» ማለት ልጁ ታሟል ማለት አይደለም። ልየታ ወንፊት ነው፤ ወንፊት ላይ የቀረው ሁሉ ጠጠር አይደለም፣ በእጅ ይለቀማል። ያ የእጅ ለቀማ «ማረጋገጫ ምርመራ» ይባላል፤ ዘዴውም አደጋውም የተለየ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ልዩነት ዙሪያ ነው።

በመጀመሪያ የሚፈለገው ምን እንደሆነ እንይ። የሰው ሴል 46 ክሮሞዞም አለው፣ 23 ጥንድ። 21ኛው ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ከሆነ ዳውን ሲንድረም ይባላል፤ 18ኛው ሦስት ሲሆን ኤድዋርድስ፣ 13ኛው ሲሆን ፓታው። የኋለኞቹ ሁለቱ እጅግ ከባድ ናቸው፤ ከተወለዱት አብዛኞቹ ዓመት አይሞሉም። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ግን ያድጋል፣ ይማራል፣ ይሠራል፤ ግማሽ ያህሎቹ ከልብ ችግር ጋር ስለሚወለዱ ቀድሞ ማወቅ ለሕክምናው ይጠቅማል።

«በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» የሚለው መልስ በየክትትል ክፍሉ ይሰማል። ጎንደሬ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጋባ ሕዝብ ነው፤ ይህ ልማድ ከእናትም ከአባትም ሲደረብ ብቻ የሚገለጥ በሽታን ይቀንሳል። የክሮሞዞም መብዛት ግን በዘር ቆጠራ አይያዝም። ከመቶው 95 ያህሉ ዳውን ሲንድረም የሚመጣው የእናት እንቁላል (አልፎ አልፎ የአባት ዘር) ሲከፈል 21ኛው ጥንድ ሳይለያይ በመቅረቱ ነው። የማንም ጥፋት የለበትም፤ እርግማንም አይደለም፣ እናቲቱ በልታው ወይም ሳትበላው የቀረ ነገርም አይደለም። ከመቶ ሦስት ወይም አራት የሚሆነው ብቻ ከወላጅ በተሸጋገረ የክሮሞዞም መጣበቅ ሊመጣ ይችላል፤ የወላጆች ክሮሞዞም የሚታየውም ያኔ ነው።

ዕድሜ ዕድሉን ይጨምራል። በ25 ዓመቷ የምትወልድ እናት ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድሏ ከ1,250 አንድ ያህል ነው፤ በ35 ከ350 አንድ፣ በ40 ከ100 አንድ፣ በ45 ከ30 አንድ። ቢሆንም አብዛኞቹ የሚወለዱት ከ35 ዓመት በታች ከሆኑ እናቶች ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ልጅ የሚወለደው ከእነሱ ነውና። «ገና ልጅ ነሽ፣ አያሳስብሽም» የሚለው ማጽናኛ እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው።

አሁን ወደ ልየታው። ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው ከ11ኛው ሳምንት እስከ 13 ሳምንት ከ6 ቀን ድረስ የሚሠራው ነው፤ በአልትራሳውንድ ከጽንሱ ማጅራት ሥር የተጠራቀመው ፈሳሽ ውፍረት ይለካል፣ ከእናት ደም ደግሞ ሁለት ንጥረ ነገሮች ይታያሉ። ጽንሱ ከአናቱ እስከ መቀመጫው ከ45 እስከ 84 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የማጅራቱ ልኬት 3.5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ የደሙ ውጤት ሳይጠበቅ ወደ ስፔሻሊስት ይላካል። የሚለካው ነገር ከጤፍ ፍሬ ብዙም ያልበለጠ በመሆኑ የአንድ ሚሊ ሜትር ስህተት ውጤቱን ይገለብጠዋል። ጽንሱ በጎን በኩል ተስተካክሎ መታየት አለበት፤ አንገቱን ቀና ካደረገ ልኬቱ ይጨምራል፣ ካቀረቀረ ይቀንሳል። ባለሙያው «ተነሺና ትንሽ ተራምደሽ ተመለሽ» ሲል ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ ጽንሱ እስኪገላበጥ እየጠበቀ ነው። ይህ ልየታ ዳውን ሲንድረም ካለባቸው 100 ጽንሶች 85 እስከ 90 ያህሉን ይይዛል፤ በምላሹ ምንም ከሌለባቸው 100 አምስቱን አላግባብ ያስጨንቃል።

ሁለተኛው ከ15ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ከእናት ደም አራት ንጥረ ነገሮችን የሚለካው ነው። ዘግይታ ለመጣች እናት ይሆናል፤ የሚይዘው 80 በመቶ አካባቢ ነው።

ሦስተኛው ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ ከእናት ደም ውስጥ የሚንሳፈፈውን የዲኤንኤ ስብርባሪ የሚቆጥረው ነው። የጽንስ ዲኤንኤ በእናት ደም ውስጥ እንዳለ በ1997 እ.ኤ.አ. ዴኒስ ሎና ባልደረቦቹ አሳዩ፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያ ላይ ዋለ። በማስታወቂያ «99 በመቶ» የሚባለው ይህ ነው። ቁጥሩ እውነት ነው፤ የሚነገርበት መንገድ ግን ያሳስታል። እስቲ እንቁጠር። ወጣት እናቶችን እንውሰድና ለስሌት እንዲመች ከ1,000 አንዷ ዳውን ሲንድረም ያለበት ጽንስ ይዛለች እንበል። 10,000 እናቶች ተመረመሩ። ችግሩ ያለባቸው 10 ናቸው፤ ምርመራው ሁሉንም ያህል ይይዛቸዋል። ከቀሩት 9,990 ውስጥ ደግሞ ከ1,000 አንዱን በስህተት «አለበት» ይላል፤ እነሱም 10 ይሆናሉ። ስለዚህ «ፖዘቲቭ» ከተባሉት 20 እናቶች የአሥሩ ልጅ ምንም የለበትም። ያው ምርመራ፣ ያው ማሽን፣ ያው «99 በመቶ»። ከ100 አንዷ ችግሩ ባለባት በ40 ዓመት ዕድሜ ክልል ብንቆጥረው ደግሞ «ፖዘቲቭ» ከተባሉት 100 ውስጥ 91 ያህሉ እውነት ይሆናል። በ13ኛውና በሌሎች ብርቅዬ ችግሮች ላይ ስህተቱ ይበዛል። «ኔጌቲቭ» ከሆነ ግን ለዳውን ሲንድረም በእጅጉ የሚታመን ነው።

ለምን ይሳሳታል? ዲኤንኤው የሚመጣው ከልጁ ሳይሆን በአብዛኛው ከእንግዴ ልጁ ስለሆነ ነው። ቋንቋችን «እንግዴ ልጅ» ብሎ ለብቻው ስም የሰጠው ያ አካል አንዳንድ ጊዜ የክሮሞዞም ስህተቱን ለራሱ ይዞ ልጁ ንጹህ ይሆናል። መንታ ሆኖ አንዱ ቀድሞ ከጠፋ፣ እናቲቱ በቅርቡ ደም ከወሰደች ወይም እሷ ራሷ ሳታውቀው ዕጢ ካለባት ውጤቱ ሊዛባ ይችላል። ከስብርባሪው የእንግዴ ልጁ ድርሻ 4 በመቶ ካልሞላ ደግሞ «ውጤት አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል፤ ከ10 ሳምንት በፊት ሲቀዳና የእናቲቱ ክብደት ሲበዛ ይህ ያጋጥማል። ደሙ የሚቀዳው በተራው ቱቦ አይደለም። ሴሎች እንዳይፈርሱ መከላከያ ባለበት ልዩ ቱቦ ይቀዳል፤ ቀስ ብሎ ስምንት አሥር ጊዜ ይገለባበጣል እንጂ አይናጥም፣ በረዶ ውስጥም አይገባም። በተራ ቱቦ ከተቀዳ በሰዓታት ውስጥ መለየት አለበት፤ ካልሆነ የእናት ሴሎች ፈርሰው የልጁን ምልክት ይውጡታል። ይህ ምርመራ በአገራችን መደበኛ ክትትል ውስጥ ስለሌለ በግል የሚያሠራ ሰው ሦስት ነገር አስቀድሞ ይጠይቅ፦ ናሙናው የት ይሠራል፣ ውጤቱ ካልወጣ ድጋሚው ይከፈልበታል ወይ፣ «ፖዘቲቭ» ቢሆን ማረጋገጫውን ማን ይሠራል። ሦስተኛው ካልተመለሰ ደም መስጠቱን ማዘግየት ይሻላል።

ማረጋገጫው ሁለት ዓይነት ነው። ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ከእንግዴ ልጁ ጥቂት ሕብረ ሕዋስ ይወሰዳል፤ ወይም ከ15ኛው ሳምንት በኋላ በአልትራሳውንድ እየታየ በቀጭን መርፌ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር የሽርት ውሃ ይቀዳል፤ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሴሎቹ አድገው ክሮሞዞማቸው እስኪቆጠር ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። በሠለጠነ እጅ ሲሠራ በመርፌው ምክንያት የመጨንገፍ ዕድሉ ከ200 ከአንድ በታች ነው። እዚህ ላይ ሾተላይን አንርሳ፤ የእናት የደም ዓይነት ኔጌቲቭ (በዚህኛው አገባቡ ደግሞ ቃሉ ሌላ ትርጉም አለው!) ከሆነ ከመርፌው በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሾተላይ መከላከያ መወጋት አለባት። ኤችአይቪ በደሟ ያለ እናት ቫይረሱ በመድኃኒት እስኪወርድ ብትጠብቅ ይሻላል።

ጎንደር ላይ ልየታን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ግን መርፌም ማሽንም አይደለም። ቀን ነው። የደም ንጥረ ነገሮቹ በየሳምንቱ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ፣ ኤኤፍፒ የሚባለው፣ በሁለተኛው ሦስት ወር በሳምንት 15 በመቶ ያህል ይጨምራል። 18 ሳምንት የሞላትን እናት 15 ብሎ የመዘገበ ሰው ንጥረ ነገሩ ከፍ ብሎ ሲያገኘው የኅብለ ሰረሰር ክፍተት ይጠረጥራል፤ 15 የሆነችውን 18 ካላት ደግሞ ዝቅ ብሎ ዳውን ሲንድረም ይመስለዋል። ልጁ በሁለቱም ደህና ነው፤ የተሳሳተው ካርዱ ነው።

ስህተቱ የሚገባው በቀን መቁጠሪያው በኩል ነው። እናት «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ስትባል «የጥምቀት ማግስት» ትላለች፤ ትክክለኛ መልስ ነው፣ ጎንደር ላይ ጥምቀትን የሚረሳ የለም። አዋላጇ 12/5 ብላ ትጽፋለች፤ ጥር 12 ማለቷ ነው። ማሽኑ ግን በፈረንጅ ስለሚቆጥር እንዳለ ከገባ ሜይ 12 ወይም ዲሴምበር 5 አድርጎ ያነበዋል። ትክክሉ ጃንዋሪ 20 ነበር። ስለዚህ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ፤ ወደ ማሽን የሚገባውም ሁለት ሰው አይቶት ይግባ።

የእኛ አቆጣጠር ለስሌት ይመቻል፤ ወሩ ሁሉ 30 ነው። የመውለጃው ቀን የሚገኘው ከመጨረሻው የወር አበባ መጀመሪያ ዘጠኝ ወርና 10 ቀን በመደመር ነው፤ መሐል ላይ ጳጉሜን ካለች 10 መሆኑ ቀርቶ 5፣ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት 4 ይደመራል። ጥቅምት 10 ያየች ሐምሌ 20 ትደርሳለች። ጥር 12 ያየችው ጳጉሜን ስለሚያልፋት ጥቅምት 17። የመጀመሪያው ልየታ የሚሠራበት ጊዜ ደግሞ ከ77ኛው እስከ 97ኛው ቀን ነው፤ ለጥር 12ቷ እናት ከመጋቢት 29 እስከ ሚያዝያ 19። ሦስት ሳምንት ብቻ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ሁዳዴንና ፋሲካን ታኮ።

እዚህ ላይ ነው የአገራችን እውነታ የሚጋጨው። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ጤና ዳሰሳ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት 28 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። እርግዝና ገና ሳይገፋ ማውራት ነውርም ስጋትም አለው፤ ዓይን ይፈራል፣ ቢጨናገፍ ወሬ ይፈራል። ከጠዳ ወይም ከቆላድባ ለሚመጣ ሰው መንገዱም አለ። በአምስተኛው ወር የመጣችን እናት «የት ነበርሽ?» ብሎ የሚቆጣ ባለሙያ ለቀጣዩ እርግዝናዋም እንዳትመጣ እያደረጋት ነው።

ስለ አልትራሳውንድም አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በጤና ጣቢያ የሚታየው አጭሩ ምርመራ የልብ ምት፣ የጽንሱን ብዛት፣ አቀማመጥ፣ የእንግዴ ልጁን ቦታና ዕድሜውን ለማወቅ ነው። የአካል ክፍሎችን አንድ በአንድ የሚያየው ከ18 እስከ 22 ሳምንት የሚሠራው ሌላ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል። በዚያም ቢሆን ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ግማሽ ያህሉ ምንም ምልክት አያሳዩም። «አልትራሳውንድ ታይቼ ደህና ነው ተብያለሁ» ማለት ስለ ክሮሞዞም ብዙም አይናገርም። (ወንድ ነው ሴት የሚለው ጥያቄ ደግሞ የአማትን ልብ ከማሳረፍ ያለፈ ሚና የለውም።)

ውጤት የሚናገረው ሰው ሸክም ሌላ ነው። በጠዋት ሠላሳ አርባ እናት በምትጠብቅበት ኮሪደር አዋላጇ ለአንዷ ያላት ጊዜ የደቂቃዎች ነው። የዘረመል አማካሪ የሚባል ባለሙያ በአቅራቢያዋ የለም፤ ወረቀቱ እጇ ላይ ሲደርስ «ምን ልበላት?» የሚለው ጥያቄ የራሷ ሆኖ ይቀራል። ወረቀቱ «1 ለ200፣ ከፍተኛ ስጋት» ይላል እንበል። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት ሁለተኛውን ቃል ማንበብ ነው። ቁጥሩን ማንበብ ይሻላል። እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«እህቴ፣ ብቻሽን መስማት ትፈልጊያለሽ ወይስ ባለቤትሽ ይግባ? እሺ። የደሙ መልስ መጥቷል። ልጁ ታሟል አላለም፤ ደግሞ ይታይ ነው ያለው። እንደ አንቺ ያሉ ሁለት መቶ እናቶች ጃንተከል ዋርካ ሥር ቢሰበሰቡ፣ የአንዷ ልጅ ይህ ነገር ይኖርበታል፤ የ199ኙ የለበትም። አንቺ ከየትኛዎቹ እንደሆንሽ ይህ ወረቀት አያውቅም። ዛሬ የምትወስኚው ነገር የለም።»

ድንበሩ የሰው ሥራ መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። ላቦራቶሪው መስመሩን 1 ለ250 ላይ ካሰመረ 1 ለ240 የወጣላት «ከፍተኛ»፣ 1 ለ260 የወጣላት «ዝቅተኛ» ትባላለች፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ከምንም አይቆጠርም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉም ያውቀዋል፦ «ሲስተር፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» የመተማመን ምልክት ነው፤ ግን ወጥመድም አለው። «አስወጣው ነበር» ማለትም «እግዚአብሔር የሰጠውን እቀበል ነበር» ማለትም የእናቲቱን ውሳኔ በነጭ ጋዋን መቀማት ነው። «ይበልጥ የሚከብድሽ የቱ ነው፣ ሳታውቂ መቆየቱ ወይስ መርፌው?» ብሎ መመለስ መንገዱን ይከፍታል። የንስሐ አባቷን ወይም ሼኋን አማክራ መምጣት፣ ጠበል መጠመቅ የምትፈልግ ካለች ቀጠሮው ለዚያ ቦታ ይተው፤ ሳምንቱ እንዳያልፍባት ግን ቀኑ በወር ስም ተጽፎ ይሰጣት። ማረጋገጫ አልፈልግም ማለትም ሙሉ መልስ ነው፤ ካርዷ ላይ «እምቢ አለች» ተብሎ ሳይሆን «ተገልጾላት ላለመመርመር መርጣለች» ተብሎ ይጻፍ።

ሕጉን የሚጠይቁ አሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 እርግዝና በሕክምና ማቋረጥ ከሚፈቀድባቸው ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ያስቀመጠው ጽንሱ ሊድን የማይችል ከባድ ጉድለት ያለበት መሆኑን ነው። የልየታ ወረቀት ብቻውን ለእንዲህ ያለ ውሳኔ መነሻ መሆን የለበትም፤ ከላይ የቆጠርናቸውን አሥር ደህና ልጆች ማስታወስ ነው። ልየታው የግዴታም አይደለም፤ ውጤቱ ምንም የማይለውጥባት እናት ባትመረመር አንዳች አይጎድልባትም።

ከክሮሞዞም ውጭ፣ ያለ ውድ ምርመራ ብዙ ማድረግ የሚቻልበት አንድ ችግር አለ፤ የኅብለ ሰረሰርና የራስ ቅል አለመዘጋት። የነርቭ ቱቦው የሚዘጋው ከፀነሰች በ28ኛው ቀን አካባቢ ነው፤ በወር አበባ ስሌት ስድስተኛው ሳምንት፣ ማለትም ብዙዎች «ቀረብኝ እንዴ?» በሚሉበት ጊዜ። በክትትል የሚሰጠው የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒን (60 ሚሊ ግራም አይረን፣ 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ) ለደም ማነስ ይጠቅማል፤ በአራተኛው ወር ለጀመረችው ግን ቱቦው ካልተዘጋ ሳይዘጋ ቀርቷል። ፎሊክ አሲዱ ከመፀነስ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ተጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት መወሰድ አለበት። በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት በፋብሪካ እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ ወጥቷል፤ ጤፏን ሰፈር ወፍጮ ቤት አስፈጭታ እንጀራ የምትጋግር እናት ጋ ግን ያ ዱቄት አይደርስም።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት በሚቀጥለው የመደገም ዕድሏ ከ100 ሦስት ያህል ነው። ለእሷ የሚታዘዘው መጠን አሥር እጥፍ ነው፤ በቀን 4 ወይም 5 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ፣ አሁንም ከመፀነስ በፊት ጀምሮ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ በተለይ ቫልፕሮዌት የምትወስድም መድኃኒቷን በራሷ ሳታቋርጥ ከመፀነሷ በፊት ሐኪሟን ታማክር። መጠኑን ለመሙላት የክትትሉን ክኒን አሥር አድርጎ መዋጥ ግን አደገኛ ነው፤ 600 ሚሊ ግራም አይረን ሆድ ያቃጥላል፣ ይመርዛልም። ለብቻው የተሠራ ባለ 5 ሚሊ ግራም የፎሊክ አሲድ ክኒን አለ፤ ማዘዣው ላይ «ያለ አይረን» ተብሎ ይጻፍ።